የሰባት ቁጥር ቀኝ እጅ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 1978

የከፍተኛው ስፖርት ኮሚቴ ዳኞችንና አሰልጣኞችን ሰብስቦን ዋለ። ስብሰባ አልወድም፤ የዛሬው ግን ቁም ነገር ነበረበት። ሰብሳቢው ጓድ ስብሐት ቅርጫት ኳስን ከገበያ ቅርጫት የማይለይ ሰው ነው፤ መመሪያው ግን መመሪያ ነው። ከዚህ በኋላ ተማሪ ላይ ቴክኒክ ፋውል የጻፈ ዳኛ ሪፖርቱን በሦስት ኮፒ ያወጣል፤ አንዱ ለኮሚቴው፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለቀበሌው። በአንድ ዓመት ውድድር ሦስት ቴክኒክ ያለበት ተማሪ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቆማል። ከትምህርት ገበታው የተባረረ ጎረምሳ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ያውቀዋል፤ የብሔራዊ ውትድርና ኮታው ያልሞላለት ቀበሌ ስም ይዞ እየጠበቀ ነው።

በድሉ ተነስቶ፣ «ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ የተናገረው ለቀበሌ ምን ያደርግለታል?» አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አንጀት የሚበላ ጥያቄ ጠይቆ መቀመጥ ይወዳል። ቀጨኔ አቀበቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ቡድን አሰልጣኝ ነው። መምህራን ማሠልጠኛ አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። በኋላ እሱ ጽጌን አገባ፣ እኔ ፊሽካ ያዝኩ። በቃ።

የሁለተኛ ደረጃ ዳኝነት ፈተና ሚያዝያ ውስጥ ነው ተብሏል። ደንቡን ለራሴ ልድገመው። ተራ ፋውል ገላ ሲነካ ነው። ቴክኒክ ሳይነኩ የሚያጠፉት ነው፤ ስድብ፣ ንቀት፣ ዳኛን አለመታዘዝ። ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ሲያጠፋ በራሱ ቁጥር ይጻፋል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሲያጠፋ በአሰልጣኙ ስም ይጻፋል። ፋውል የተነፋበት ሁሉ ወዲያው እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ውጤት ለሚጻፍበት ጠረጴዛ ይታያል፤ ካላነሳ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ቴክኒክ።

አንድ ቃል አልሳትኩም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የመጀመሪያ ጨዋታ። የበድሉ ቡድን ውስጥ አንድ ሰባት ቁጥር አለ፣ ኢታና ይሉታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ከእንጦጦ ማርያም ወዲያ ካለው መንደር በእግሩ የሚመጣ፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ። በግራው ነው የሚያስገባው። ያስገባል፣ አልዋሽም።

በስምንተኛው ደቂቃ ገፋ፣ ነፋሁ። እጁን አነሳ። የቱን? ግራውን! በየአደባባዩ መፈክር ስናሰማ የምናነሳውን ግራ እጅ፣ ቀጥ አድርጎ። ከተመልካቹ መሀል አንዱ ዋልጌ «ይውደም!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የጥበቃ ሽማግሌው እንኳ ጥርሱን ገለጠ። ፊሽካ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ይውደም የተባለው ማን ነው?

«ቀኝህን!» አልኩት። አቀርቅሮ ቆመ። ቴክኒክ ሰጠሁት።

በድሉ እየሮጠ መጣ። «መሸሻ፣ በእኔ ጻፈው።»

«ወንበር ላይ ነው እንዴ ያለው?»

«እባክህ። በእኔ ስም ይሁን።»

«ሜዳ ውስጥ ላለ በራሱ ቁጥር ነው። ደንቡን አብረን ነው የተማርነው።»

ጠረጴዛ ላይ ውጤት የሚይዘው ኑሪ ነው፣ የእኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ ገና ልጅ። እስክሪብቶውን ይዞ፣ «ቀኝ ይላል እንዴ ደንቡ?» አለኝ። «አንተ ዝም ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ።

የሳቀው ተመልካቹ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለተመልካች ቴክኒክ አይጻፍም። በአንድ ሰው መጻፍ ነበረበት።

እሑድ፣ የካቲት 9

ሠርካዲስ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች፣ «ሳቁብህ አሉ» አለች። እህቴ ናት፣ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ትሸጣለች፣ ምላሷ ከመቀስ ይብሳል።

«ማን አለሽ?»

«ማን ያላለኝ አለ?»

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ሁለት መስመር ይበቃው ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። «በሰፊው ሕዝብ መፈክር ላይ በመሳለቅ» የሚል ሐረግ ገባበት። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፤ ሳነበው ግን ያምራል። ማውጣት አሰብኩና ካርቦኑ ሦስት ገጽ ሊያበላሽብኝ ሆነ። ተውኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጓድ ስብሐት ሪፖርቴን በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። «ንቁ ዳኛ ማለት ይህ ነው» አለ። ሌሎቹ ዳኞች ያዩኝ አስተያየት! ምቀኞች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ጨዋታው ሳይጀመር የበድሉን ልጆች በዓይኔ እየተከታተልኩ ነበር። ሰባት ቁጥር ቆሞ በድሉ ማልያውን በራሱ ላይ ያጠልቅለታል፣ ክንዱን ይዞ በቀስታ በእጅጌው ያስገባለታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ጎረምሳ! ሞልቃቃ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የሰው ልብስ ነበር የማጥበው።

ከዚያ ለሰላምታ ተሰለፉ። ሁሉም ቀኙን ሰጠኝ፤ እሱ ግራውን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። በሰው መሀል ግራ እጁን የሚሰጥ ሰው ምን እያለህ ነው?

«ዛሬ በዚህ ግራህ ብትቀልድ ወየውልህ!» አልኩት።

«እሺ ጋሼ» አለ። ድምፁ ትሑት ነበር። ትሑት ድምፅ ነው የማይታመነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ፋውል ነፋሁበት። ግራውን አላነሳም። ቀኙንም አላነሳም። ጫማውን እያየ ቆመ፣ ጫማው አፉን የከፈተ ሸራ ነው። «አንሳ!» አልኩ። ሁለተኛ፣ «አንሳ እኮ ነው የምልህ!» አላነሳም። ደንቡ የጠየቀውን አንድ ማስጠንቀቂያ ሁለት አድርጌ ሰጥቼዋለሁ፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ቴክኒክ። ቁጥር ሰባት። ሁለተኛው።

በድሉ እንደገና፣ «በእኔ ጻፈው፣ መሸሻ።» አንድ መዝሙር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

መምህራን ክፍል ውስጥ ኑሪ ለአንዱ ሲነግረው ሰማሁ፤ «ትከሻው ላይ ጠባሳ አለው፣ ማልያ ሲለውጥ አየሁት፣ አጥንቱ ራሱ ልክ አይደለም።» ስገባ ወሬ ቀየሩ።

ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ጠባሳ የሌለበት የጉለሌ ልጅ ማን ነው? እኔም ጉልበቴ ላይ አለኝ። ማን አዘነልኝ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሦስተኛው።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ነው። ነፋሁ፣ ዞሬ አየሁት። ቀኙን ማንሳት ጀመረ። ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። በግራ እጁ ክርኑን ከሥር ደገፈና ወደ ላይ ገፋው። ፊቱ ተጨማደደ፣ አፉ ተጣመመ፣ ላብ ባንዴ አጠመቀው። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እጁ ከጆሮው አላለፈም።

ደንቡ ከራስ በላይ ይላል። ከጆሮ በላይ አይልም። ደግሞ ያ አፉን ማጣመሙ፣ በእኔ ማሾፉ ካልሆነ ምንድን ነው?

ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር። ላወጣው እችል ነበር። ሁሉም ያየው እኔን ነበር፣ እሱን አይደለም፤ አሁን ብተወው «ያለፉትን ሁለቱንስ ለምን ሰጠኸው?» አይሉኝም? ነፋሁ።

በድሉ አልመጣም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይምጣ ብዬ ትንሽ ጠብቄው ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ሪፖርት ገባ። ሦስት ኮፒ። ካርቦን አልቋል፣ መግዛት። «ማንሳት እየቻለ ሆን ብሎ እምቢ በማለት» ብያለሁ። የከሰዓት ክፍል ደረሰብኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ከትምህርት አንድ ዓመት አገዱት። ማትሪክ ሊፈተን ሁለት ወር ቀርቶት።

ያገደው ኮሚቴው ነው። እኔ ማገድ አልችልም፣ ሥልጣኑም የለኝም። እኔ ቁጥር ነው የጻፍኩት። ሠርካዲስ ይህን ስነግራት ሽሮውን አቀረበችና፣ «ብላ፣ ይብረድብህ እንዴ» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። የማትናገር ሠርካዲስ አይቼ አላውቅም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

እናቱ መጣች። ሾዴ ትባላለች፣ አጠር ያለች፣ እግሯ አቧራ የለበሰ። ሠርካዲስ አስገባቻት። እኔ ብሆን በር ላይ ነበር የማነጋግራት።

ልጁን ሐሙስ ቀበሌ ወስዶታል። አዳራሹ ውስጥ ነው ያለው፣ ከሌሎቹ ጋር። ሚያዝያ አራት ነው የሚጫኑት።

«እጁ አይነሳም፣ ጌታዬ» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አጣና ከጫነ መኪና ወደቀ። ወጌሻ አሸው፣ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። እስከ ዛሬ ጸጉሩን የማበጥርለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አፍ የለውም? ለምን አልነገረኝም?»

«ከቡድኑ ያወጡኛል ብሎ። እዚያ ነበር ደስ የሚለው።»

ለውድድሩ የጤና ቅጹን የሞላለት በድሉ ነው። «ሁለት እጁም ሁለት እግሩም ሙሉ ጤነኛ» ብሎ ፈርሟል። በድሉ! ያ ጻድቅ! ይህን ስትነግረኝ ሳላስበው ፈገግ ሳልል አልቀረሁም፤ ሴትዮዋ መልካም ነገር የነገረችኝ መስሏት እሷም ፈገግ አለች።

የውትድርናው ምርመራ ላይ እጁን ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ጮኸ። «አስመሳይ ነው፣ ዳኛው ራሱ ይችላል ብሎ ጽፏል» ብለው ሳቁበት። ወረቀቴን አውጥተው አሳዩአት። ማንበብ አትችልም፣ ማኅተሙን ግን አይታዋለች።

«ወረቀቱ የእርስዎ ነው። እርስዎ አይችልም ብለው አንዲት ቃል ቢጽፉልኝ ልጄ ይመለሳል።»

እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ብድግ አልኩ። «አየዋለሁ» አልኳት። እስከ ግቢው በር እየመረቀችኝ ወጣች። ከጓዳ የሠርካዲስ ልቅሶ ይሰማ ነበር።

አየዋለሁ ነው ያልኩት። እጽፋለሁ አላልኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጽጌ ቆማ ጠበቀችኝ። ካየኋት ስድስት ዓመት። ነጠላዋን ጥቁር ጥለት ያለውን ለብሳለች፣ ጸጉሯን አሳጥራዋለች፣ ያምርባታል። ምነው ዛሬ ይህን የተቀደደ ጃኬት ባልለበስኩ።

«መሸሻ፣ ቂሙ የእኔ ከሆነ እኔን ስደበኝ። እዚሁ በሰው ፊት ስደበኝ። ልጁን ተወው።»

«ምን ቂም? ምን የሚሉት ቂም ነው?»

አየችኝ። ቀድሞም እንዲህ ነበር የምታየው፣ እንደሚታዘንለት ሰው። «በድሉ እንቅልፍ አጥቷል» አለች። እንግዲህ የመጣችው ለእሱ እንቅልፍ ነው።

«በድሉ ራሱ ይምጣና ይለምነኝ» አልኳት።

ቂም አለህ ትላለች! ሽማግሌ መላኬንም ረስቼዋለሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አባቷ ግቡ እንኳ ሳይሏቸው ቆመው ነው ያነጋገሯቸው። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን እዚያው ረስተው ተመለሱ። ማን ያስታውሰዋል ይህን?

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

በድሉ እኔ ዘንድ አልመጣም። ቀበሌ ሄዶ «ቅጹን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጁ እጁ ሰባራ ነው» ብሎ ፈረመ። ወዲያው ከሥራ ታገደ።

ከሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። «ጓድ መሸሻ፣ አሰልጣኙ ዋሽቼ ነበር ይላል። አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛ ቢናገር ማን ያምነዋል? እርስዎ ግን ዳኛ ነዎት፤ እርስዎ ያሉት ይጸናል። ይችላል ወይስ አይችልም? እስከ ቅዳሜ በጽሑፍ ይስጡኝ። አይችልም ካሉ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ስወጣ ጓድ ስብሐትን አገኘሁት። ስለዚህ ነገር አንድም አላነሳም። «ፈተናው ረቡዕ ነው፣ በርታ» አለኝ። ቀጥሎ፣ «መቼም የገዛ ሪፖርቱን የሚሽር ዳኛ ደረጃ አይሰጠውም» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በየሳምንቱ ቅዳሜ አቧራ እየቃምኩ ስንት ዓመቴ ነው? አሥር። ሁለተኛ ደረጃ ማለት ስታዲየም ነው፣ ክፍለ ሀገር ነው፣ አበል ነው። ደግሞ ልጁ ቢሄድ ሁሉም አይሞትም። ተመልሰው የመጡ አሉ። የጎረቤታችን ልጅ አለ፣ እሱ እንኳ እስካሁን አልመጣም፣ ደብዳቤው ግን መጥቷል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱን ቀደድኩ። ከቀደድኳቸው አንዱ ሌላ ነገር ይል ነበር። አሁን ስለሱ ማውራት ምን ይጠቅማል።

«በሪፖርቴ የገለጽኩት ትክክል ነው፤ ተማሪው ማንሳት ይችላል።» ፈርሜ ሰጠሁ። ሊቀ መንበሩ አንብቦ፣ «በዚህ አለቀ» አለ።

ሠርካዲስ ቀለም የነካውን እጄን አይታ አወቀች መሰለኝ። «እግዜር ይይልህ» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ጾም ነው፣ ሰው በጾም እንዲህ ይረገማል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ፈተናው አልቋል። የጽሑፉ ቀላል ነበር። የቃሉን ሦስት ሰዎች ናቸው የጠየቁኝ፣ መሀለኛው መነጽር ያደረጉ፣ ክቡር ሰው።

«ፋውል የተነፋበት ተጫዋች እጁ የተጎዳ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?»

ምራቄን እንኳ አልዋጥኩም። «ደንቡ እጅ ይላል እንጂ ቀኝ ወይም ግራ አይልም። በሚችለው እጅ ያነሳል። ጨርሶ የማይችል ከሆነ ቁጥሩን ዳኛው ራሱ ለጠረጴዛው ያሳይለታል፤ ቴክኒክ አይሰጥበትም።»

«ግሩም!» አሉ ባለ መነጽሩ። «ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።»

እኔ ደንቡን መቼ ስቼው አውቃለሁ?

ከዚያ የወጣሁት በስምንት ሰዓት ነው። ቀበሌ እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነው። በበሩ አለፍኩ። አዳራሹ ውስጥ ይዘፍናሉ፣ ወይ ያለቅሳሉ፣ ከሩቅ አይለይም። የዳኝነት ሸሚዜ ስላልታጠበ ወደ ቤት ገባሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ዘጠና ሁለት ከመቶ! ከጉለሌ አንደኛ።

ለሠርካዲስ ልንገራት ብዬ ነበር። አልጋዋ ተነጥፏል፣ ሣጥኗ የለም። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ስሄድ አብራት የምትሠራው፣ «ላየው አልፈልግም በይልኝ ብላለች» አለችኝ። ትመለሳለች። የት ትሄዳለች?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

የኮሚቴው ቢሮ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ነው። የደረጃ ወረቀቴን ዛሬ ጠዋት ውሰድ ብለውኛል፣ እኔ ቀኑን አልመረጥኩም። ወስጄ ስወጣ ሁለት የጭነት መኪና ግቢው በር ላይ ቆሟል፣ ልጆቹ ተጭነዋል፣ እናቶች መንገዱን ሞልተዋል። በሌላ በር መውጫ ፈለግሁ፣ የለም።

ሾዴ አየችኝ። ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው ያየችው፣ ወረቀቱን፣ ማኅተሙን።

«መጡ! መጡልኝ!» ብላ ጮኸች። ወደ መኪናው ዞራ በኦሮምኛ ተናገረች፣ ከዚያ በአማርኛ፣ «ኢታና! መምህሩ መጡልህ! ጽፈውልሃል!» ልጁ ከመኪናው ላይ አንገቱን አወጣ። አጠገቡ ያሉት ወገቡን ይዘው ወደ ፊት ገፉት፣ «ውረድ በለው፣ ውረድ» እያሉ። ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ማኅተሙን ሳመችው። እኔ አላስቆምኳትም፤ ብናገር ኖሮ የሚሆነው ያው ነበር። ሮጣ ለታጠቀው ካድሬ ሰጠችው። ካድሬው ጮክ ብሎ አነበበ። «ጓድ መሸሻ... የተሰጠውን ፈተና በከፍተኛ ውጤት በማለፉ... የሁለተኛ ደረጃ የቅርጫት ኳስ ዳኛ...» እሷ አፉን አፉን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«የልጄ ስም የቱ ጋ ነው?»

ካድሬው ወረቀቱን መለሰልኝ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጓድ» አለኝ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

ወረቀቱ ጥግ ጥጉ ረጥቧል፣ የማኅተሙ ቀለም ፈዟል። እንዲህ ሆኖ ለክፍለ ሀገር ውድድር አይቀርብም። ሰኞ ሌላ እንዲሠሩልኝ እጠይቃለሁ።